ሐኪም ሳይሆን የቀረው ፎቶ አንሺ

ዱሼን የሚለውን ስም የማያውቅ ሰው ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አለ ብዬ አልገምትም። ተማሪ ሳለን ለፈተና ሸመደድነው፤ ዋርድ ስንገባ ደግሞ ከወለል ላይ ለመነሳት ጉልበቱንና ጭኑን በእጁ እየደገፈ ሽቅብ የሚወጣ ልጅ ፊት ቆመን ተጠየቅንበት። መልሱን ያወቀ ዳነ፣ ያላወቀ ራውንዱ እስኪያልቅ ከጓደኛው ጀርባ ተሸሸገ። እኔ ከተሸሸጉት ወገን ነበርኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም በተራዬ አስተማሪ ተብዬ ስለ ፊት ነርቭ ለተማሪዎች ትምህርት ሳዘጋጅ ዱሼን እንደገና መጣብኝ። ያንን የቆየ ፎቶ አይታችሁት ይሆናል፤ ጥርስ የሌለው አንድ ሽማግሌ ጉንጩ ላይ የኤሌክትሪክ ዘንግ ተደርጎበት፣ ፊቱ ሳቅ የሚመስል ነገር ይታይበታል። ለስላይዴ ፈልጌ ሳገኘው ከሥሩ የፎቶ አንሺው ስም ተጽፏል፤ አድሪያን ቱርናሾን። በእኛ መጻሕፍት ውስጥ የሐኪሙ ስም ይጻፋል እንጂ የታካሚውም የፎቶ አንሺውም ስም ሲጻፍ ብዙ አላየሁም። እናም ገረመኝና ስሙን ተከትዬ ሄድኩ። መንገዱ ወደ ታላቅ ወንድሙ አደረሰኝ፤ ዓለም ናዳር ብሎ ወደሚያውቀው ሰው።

የማኅበራችን ሰዎች ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ከታላላቅ ሐኪሞች አንዱን የምመርጥ መስሏቸው እንደነበር እገምታለሁ። እኔ ግን የመረጥኩት ሕክምና ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠውን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትክክለኛ ስሙ ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን ይባላል። በ1820 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከሊዮን ከተማ የመጣ አሳታሚና አታሚ ነበር። የአባትየው ንግድ ከሰረና ቤቱ ፈረሰ፤ ፌሊክስ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ገደማ ላይ አባቱም ሞተ። በዚያን ጊዜ ሊዮን ውስጥ ሕክምና መማር ጀምሮ ነበር። እናቱና ከእሱ አምስት ዓመት የሚያንሰው ወንድሙ አድሪያን እጁን ያያሉ። ገንዘብ አልነበረም፣ ትምህርቱም ቀረ። ከእኛም ባች በተመሳሳይ ምክንያት የቀሩ ልጆች እንደነበሩ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ስማቸው በምረቃው መጽሔት ላይ የለም።

ፌሊክስ እንጀራውን በጋዜጣ ጀመረ። የቲያትር ሐሜትና ትችት እየጻፈ ፓሪስ ተመለሰ፤ ኪሳቸው ባዶ፣ አፋቸው ግን ሥራ ከማይፈታ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ጋር ዋለ። እነዚህ ጓደኞቹ በቃላት መጨረሻ ላይ ለቀልድ ዳር የሚል ድምፅ የመጨመር ልማድ ነበራቸው። ቱርናሾን ቱርናዳር ሆነ፣ ቱርናዳር ደግሞ አጠረና ናዳር ሆኖ ቀረ። ረጅም፣ ቀይ ጸጉር ያለው፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። በ1848 አውሮፓ በአብዮት ስትናጥ ፖላንድን ነጻ ለማውጣት ከተነሱ በጎ ፈቃደኞች ጋር ስሙን የፖላንድ ስም አስመስሎ ዘመተ፤ ፖላንድ ሳይደርስ ተይዞ ታሰረ። ተፈትቶ ሲመለስ ደግሞ ዕዳ ጠበቀውና የባለዕዳዎች እስር ቤትም ገባ። በነገራችን ላይ ዕዳ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ያልተለየው ወዳጁ ነው።

የሚታወቀው መጀመሪያ በካርቱን ነው። በ1854 የዘመኑን የፈረንሳይ ደራሲዎች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ፣ ትልልቅ ጭንቅላት በትንንሽ አካል ላይ አድርጎ፣ እንደ ሰልፈኛ እየተጠማዘዙ ሲሄዱ ሣላቸው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለበት። ሐሳቡ እንዲህ ያሉ አራት ወረቀቶች ማውጣት ነበር፤ የመጀመሪያው ብዙ ተወራለት፣ ገንዘብ ግን አላመጣም። በዚያው ዓመት የአሥራ ስምንት ዓመቷን ኤርነስቲን ሌፌቭርን አገባ። ስለ እሷ በኋላ እመለሳለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ በአንድ በኩል እሷ ነች።

ወደ ፎቶ የገባው በወንድሙ ምክንያት ነው። አድሪያን ሥዕል ሞክሮ አልሆነለትም። ፌሊክስ ገንዘብ ተበድሮ ፎቶ አስተማረው፣ ስቱዲዮም እንዲከፍት ረዳው። ሥራው ሲወላገድ ራሱ ገብቶ አብሮት ሠራ። ሥራው መልክ ሲይዝ ግን አድሪያን ታናሹ ናዳር እያለ በፎቶዎቹ ላይ መፈረም ጀመረ። ፌሊክስ እንዲተው ለመነው፤ አልተወም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1857 መጨረሻ ፌሊክስ አሸነፈ፤ ናዳር በሚለው ስም መጠራት የሚችለው እሱ ብቻ እንዲሆን ተወሰነለት። በክርክሩ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ለእኔ ከፍርዱ ይበልጥብኛል። የፎቶን ንድፈ ሐሳብ በአንድ ሰዓት፣ አሠራሩንም በአንድ ቀን መማር እንደሚቻል፣ ሊማሩት የማይቻለው ግን ብርሃንን ማየትና ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ምንነት ቶሎ መረዳት እንደሆነ ተከራከረ። ያለ ቅጥር ግቢ ግድግዳ ሁሉ የሂስትሪ አወሳሰድ ትምህርት ነው የሚመስለኝ።

አድሪያን ግን ችሎታ አልነበረውም ማለት አይደለም። ለግብርና ውድድር የቀረቡ ምርጥ ኮርማዎችን፣ ላሞችንና ፈረሶችን ፎቶ እያነሳ ጥሩ ስም አግኝቷል። ከብቱ በጎን ይቆማል፣ ከኋላው መጋረጃ ይዘረጋል፣ ገባሩ ወይም ጠባቂው ገመዱን ይዞ ይታያል። ቁመናውና ጀርባው ለገዢና ለአርቢ እንዲለይ ሆኖ ነው የሚነሳው። ከእነዚያ ከብቶች ፎቶዎች አንዱን ከዱሼን ሽማግሌ ፎቶ ጎን አድርጌ አየሁት። አቋቋሙ አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌውም ለጡንቻው ሲባል የቀረበ ነው።

ስለ ዱሼን ሥራ አጭር ማስታወሻ ላክልበት። ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ውስጥ የፊት ጡንቻዎችን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ እየነካ የትኛው ጡንቻ የትኛውን ስሜት እንደሚገልጽ ለማወቅ ይሠራ ነበር። ኤሌክትሪኩ ያመጣው መኮማተር ቶሎ ስለሚጠፋ በፎቶ መያዝ አስፈለገው። ከ1854 ጀምሮ አድሪያን አብሮት ሠራ፤ ከዚያም ዱሼን ራሱ ፎቶ ማንሳት ተማረ። መጽሐፉ በ1862 ታተመ፤ ዳርዊን በኋላ ስለ ስሜት አገላለጽ ሲጽፍ ከእነዚያ ፎቶዎች ወስዷል። ዛሬ የልብ ሳቅ ከአፍ ሳቅ የሚለየው በዓይን ዙሪያ ባለው ጡንቻ ነው የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሽማግሌው ጫማ ሠሪ የነበረ ሲሆን የፊቱ ቆዳ ስሜት ስለማይሰማው ሕመሙን ይችለው ነበር።

አሁን ወደ ታላቅየው ልመለስ። ፌሊክስ የራሱን ስቱዲዮ የከፈተው በ1855 ገደማ ነው። በዚያን ዘመን ፎቶ ለመነሳት የሄደ ሰው ፊት ለፊቱ የካርቶን ዓምድ፣ መጋረጃ፣ የተቀባ ሐይቅና ተራራ ይቆምለታል። (የእኛም አገር ፎቶ ቤቶች የተሣለ ፏፏቴና ሶፋ ነበራቸው፤ የእናቴና የአባቴ የሰርግ ፎቶ ጀርባው ላይ ስዊዘርላንድ አለ።) ናዳር ይህን ሁሉ አወጣው። ባዶ ጀርባ፣ ከላይና ከጎን የሚገባ የቀን ብርሃን፣ ጥቁር ልብስ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፊትና አንዳንዴ እጅ ነው። ባለቅኔው ቦድሌር፣ ሠዓሊው ደላክሯ፣ ሙዚቀኞቹ ሮሲኒና በርሊዮዝ፣ ደራሲዋ ዦርዥ ሳንድ፣ ያን ጊዜ ስሟ ገና ያልገነነው ወጣቷ ተዋናይት ሳራ በርናር፣ በሥዕል የምናውቃቸው የዚያ ዘመን ፈረንሳዮች ብዙዎቹ ፊታቸውን ያገኘነው ከእሱ ነው። የእኛው የቤተሰብ ደራሲ አሌክሳንደር ዱማም አለ፤ እንደ ደስተኛ ልጅ ወንበር ላይ ተዘርግቶ።

አሠራሩን ሳነብ አንድ የማውቀው ነገር አገኘሁ። መስታወቱ የሚቀባው ኮሎዲየን ነው። በአሲድ የታከመ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሲሟሟ የሚገኘው ዝልግልግ ፈሳሽ ማለት ነው። ይህ ነገር ለፎቶ ከመዋሉ በፊት ከ1840ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሐኪሞች ቁስል ላይ ቀብተው ሽፋን እንዲሆን ይጠቀሙበት ነበር፤ የቆዳ ኪንታሮት መድኃኒት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ፎቶ አንሺው መስታወቱን በዚህ ቀብቶ የብር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ማንሳት፣ ሳይደርቅም ማጠብ አለበት። ዋናውን ፎቶ ለማንሳት ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ፤ ግን የተቀመጠው ሰው በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ ደንግጦ ከደረቀ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ናዳር መድኃኒቱ ወሬ ነበር። አብዛኞቹ ጓደኞቹ ናቸው፤ ይቀልዳል፣ ያማል፣ ስለ ፖለቲካ ይከራከራል፣ ሰውየው ካሜራውን ሲረሳ ያነሳዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር መናገር አለብኝ። ሬዚደንት ሳለሁ አንዲት በሠላሳዎቹ ያለች ነጋዴ ግማሽ ፊቷ ተጣሞ መጣች። ብርድ የመታት መስሏት ነበር። ቤልስ ፓልሲ ነበር፤ ከማናቸውም መጽሐፍ የጠራ። መድኃኒት ጻፍኩላት፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ አስረዳኋት፤ ከዚያም ቅንድቧን ከፍ እንድታደርግ፣ ዓይኗን እንድትጨፍን፣ ጥርሷን እንድታሳይ እያዘዝኩ በስልኬ አራት ፎቶ አነሳሁ። ፈቃድ አልጠየቅኳትም። ማዘዝን ከመጠየቅ ለይቼ የማላይበት ዕድሜ ነበር። ፎቶዎቹን ለማስተማሪያ ብዬ ለተማሪዎች ግሩፕ ላክሁ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ፊቷ ተመልሶ ለክትትል ስትመጣ፣ ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የቆመ ኢንተርን በስልኩ ያንን ፎቶ ለጓደኛው ሲያሳይ አየችው። እኔ ክፍል ስትገባ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ስባ ሸፍናዋለች። አልጮኸችም። ፊቷ ከተማው ውስጥ ስንት ሰው እጅ እንዳለ ነው የጠየቀችኝ። ቁጥሩን አላውቀውም ነበር። ዳኑ ብዬ ጽፌ ሸኘኋት፤ ሁለተኛ አልመጣችም።

ስለዚህ የናዳርን ሕይወት ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። በ1860 አካባቢ የፓሪስ ሐኪሞች የወንድና የሴት የጾታ ምልክት አብሮ የታየበትን አንድ ታካሚ ፎቶ እንዲያነሳ ጠየቁት። ለሳይንስ ከተሠሩት የእንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ከመጀመሪያዎቹ ነው። ናዳር የአገሩን ዝነኞች ወደ ስቱዲዮው እያስገባ፣ ፎቶዎቹንም እየሸጠ የሚኖር፣ ገንዘብም ሁልጊዜ የሚያጥረው ሰው ነበር። እነዚህን ፎቶዎች ግን ለሳይንስ ካልሆነ በቀር ለሕዝብ እንዳይታዩ ወሰነ። ከፎቶዎቹ በአንዳንዱ ላይ ታካሚው ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። እንዲገልጠው አላስገደደውም ማለት ነው። ሐኪሞቹ ከፊት ይልቅ ሌላውን አካል ይፈልጉ ስለነበር ግድ አልሰጣቸውም ይሆናል፤ የቆመውን ሰው ግን ግድ ይሰጠው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ ለብዙ ሰው የሚታወቀው ክፍል ነው፤ ሰማይና ከርሠ ምድር። በ1858 በባሉን ተነስቶ ከቅርጫቱ ውስጥ መሬትን ፎቶ ለማንሳት ሞከረ። መስታወቱን እዚያው ሰማይ ላይ ቀብቶ እዚያው ማጠብ ስላለበት ቅርጫቱ ውስጥ ጨለማ ድንኳን ሠራ። መላልሶ ቢሞክርም መስታወቶቹ ጥቁር ብቻ ሆኑበት። ምክንያቱ ቀስ ብሎ ገባው፤ ከባሉኑ የሚተነፍሰው ጋዝ የማጠቢያ ፈሳሹን ይበክለዋል። የጋዙን ቀዳዳ ዘግቶ ሲሞክር ከፓሪስ ወጣ ያለች ትንሽ መንደር፣ ጥቂት ቤቶችና መንገድ፣ ደብዝዛ ታየችው። ከአየር የተነሳ የመጀመሪያው ፎቶ ይኸው ነው፤ ፎቶው ራሱ ግን ለእኛ አልደረሰም። ቀጥሎ ወደ ታች ወረደ። በ1861 ጀምሮ የፓሪስ ሙታን አጥንት የተከማቸበትን የከርሠ ምድር ዋሻ፣ ከዚያም የፍሳሽ ቦዮቹን በባትሪና በኤሌክትሪክ መብራት አነሳ። አንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ማንም ሠራተኛ ያን ያህል ሳይነቃነቅ ስለማይቆም ልብስ ያለበሳቸውን አሻንጉሊቶች አቆመ። ፎቶውን ስታዩት አጥንት የሚገፋው ሠራተኛ ሰው ይመስላችኋል፤ አይደለም።

ከዚያ ግዙፉ የተባለው ባሉን መጣ። የሚገርመው ናዳር በባሉን የወደፊት ጊዜ አያምንም ነበር፤ ሰው አንድ ቀን የሚበርረው ከአየር በሚከብድ ማሽን ነው ባይ ነው። ለዚህ ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ማኅበር አቋቋመ፤ ዡል ቬርን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። ገንዘቡን ደግሞ ትልቅ ባሉን ሠርቶ ተመልካች በማስከፈል ለማግኘት አሰበ። ስድስት ሺህ ሜትር ኩብ ጋዝ የሚይዝ፣ ከሥሩ ባለ ፎቅ ቤት የሚያህል ከቀርከሃ መሰል እንጨት የተጠለፈ ቅርጫት ያለው ባሉን አስሠራ። በኦክቶበር 1863 ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ ዘጠኝ ሰው ጫነ፤ ከእነሱ አንዷ ኤርነስቲን ናት። ሌሊቱን ሙሉ በረሩና ጠዋት ሃኖቨር ግዛት ውስጥ ሊወርዱ ሲሉ ነፋስ ያዛቸው። ባሉኑ ቅርጫቱን በእርሻ፣ በዛፍና በባቡር ሐዲድ ላይ እየጎተተ ወሰደው። ሁሉም ነፍሳቸው ተረፈ፤ ናዳር እግሩ ተሰበረ፣ ሚስቱም ክፉኛ ተጎዳች። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ሚስትን ይዞ ባልተፈተነ ነገር ላይ መውጣቱን እንደ ጀግንነት ለማየት አልተቻለኝም፤ እሷም ደግሞ ቤት ቅሪ ብትባል የምትቀር ዓይነት አልነበረችም ይሆናል። ዡል ቬርን ግን ወዳጁን በ1865 ባወጣው ወደ ጨረቃ የሚደረግ ጉዞ ልብ ወለድ ውስጥ አስገባው፤ ሚሼል አርዳን የሚባለው ተጓዥ ስሙ የናዳር ፊደላት ተገለባብጠው የተሠራ ነው። ቤልጂየም ውስጥ ደግሞ ሕዝብን ለመከላከል የሚቆመው ተንቀሳቃሽ አጥር እስከ ዛሬ በናዳር ስም ይጠራል፤ ብራስልስ ላይ በ1864 ባሉኑን ሲያስነሳ ተመልካቹ እንዳይጠጋ አጥር ስላቆመ።

ባሉኑ ሀብቱን በላ። ባሉን ግን በመጨረሻ ለአገሩ ጠቀመ። በሴፕቴምበር 1870 የፕሩሲያ ጦር ፓሪስን ከበበ። መንገድ ተዘጋ፣ ሽቦ ተቆረጠ። ናዳር ከጓደኞቹ ጋር በሞንማርትር ኮረብታ ሥር ባለው አደባባይ ላይ የባሉን ክፍል አቋቋመ፤ በ23ኛው ቀን የመጀመሪያው ባሉን 125 ኪሎ ያህል ደብዳቤ ይዞ ከጠላት ራስ በላይ አልፎ ወጣ። ከበባው እስኪያበቃ ከስልሳ በላይ ባሉኖች ወጡ። ችግሩ መልስ ነበር፤ ባሉን በነፋስ ይሄዳል እንጂ ወደፈለጉበት አይመለስም። እዚህ ላይ ነው እርግቦቹ የገቡት። የፓሪስ እርግብ አርቢዎች ለዓመታት ያሳደጓቸውን እርግቦች በጎጆ አድርገው በባሉን ላኩ፤ እርግቧ ከሩቅ ከተማ ስትለቀቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደብዳቤ ግን ይከብዳታል። ዳግሮን የሚባል ፎቶ አንሺ በሺህ የሚቆጠሩ መልእክቶችን በጥቃቅን የኮሎዲየን ፊልሞች ላይ አሳንሶ አነሳቸው፤ ያ የቁስል ሽፋናችን እንደገና። ፊልሞቹ ተጠቅልለው በላባ ቱቦ ውስጥ ገቡና በእርግቧ ጅራት ላይ ታሰሩ። ፓሪስ ሲደርሱ በመብራት ግድግዳ ላይ ተጥለው ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ገለበጧቸው። አብዛኞቹ እርግቦች አልተመለሱም፤ ብርድ፣ ጭልፊትና ጥይት ጨረሷቸው። ከተማዋ ውስጥ በዚያው ክረምት ረኃብ ጠንቶ የፈረስ፣ የውሻና የድመት ሥጋ በሥጋ ቤት ይሸጥ ነበር፤ የአራዊት ማቆያው ሁለት ዝሆኖችም ታርደዋል። በእንዲህ ያለ ከተማ እርግቡን ሳይበላ ለመንግሥት የሰጠ ሰው ማን እንደነበር ስሙ ቢጻፍልን ደስ ባለኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ናዳር ያንን በቀይ ቀለም ያሸበረቀ፣ ስሙ በጋዝ መብራት ፊቱ ላይ የተጻፈበትን ትልቅ ስቱዲዮ ለቀቀ። በ1874 ሞኔና ጓደኞቹ ሥዕላቸውን የሚያሳዩበት ቦታ ሲያጡ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽናቸውን ያደረጉት እዚያው አሮጌ ስቱዲዮው ውስጥ ነው፤ ኢምፕረሽኒስት የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። የናዳር ፎቶ ሥራ ግን ተራ ንግድ ሆኖ ነበር። ትንንሽ የካርድ ፎቶዎች ገበያውን ይዘውት ነበርና እሱም አነሳ፤ ሥራውን በአብዛኛው የሚመሩት ኤርነስቲንና በ1856 የተወለደው ልጃቸው ፖል ነበሩ። ከዚህ ዘመን የሚነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። በ1885 ቪክቶር ሁጎ ሲሞት በሞት አልጋው ላይ ያነሳው ፎቶ አንዱ ነው። ሌላው በ1886 መቶ ዓመት ከሞላው የኬሚስትሪ ሊቅ ከሸቭረል ጋር ያደረገው ጭውውት ነው። አባትየው ይጠይቃል፣ ፖል ያነሳል። ሽማግሌው ሲናገር፣ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ሲደነቅ የሚያሳዩት ፎቶዎች በጋዜጣ ወጡ። የፎቶ ቃለ መጠይቅ የሚባለው ከዚያ ጀመረ ይባላል። ወሬ እያወሩ ማንሳት ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም።

በ1887 የፓሪስ ኦፔራ ኮሚክ ቲያትር ተቃጥሎ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ኤርነስቲን ስትሮክ መታትና ግማሽ አካሏ ሽባ ሆነ። ገና ሃምሳ ዓመቷ ገደማ ነበር። ናዳር ሥራውን ለፖል እየተወ ከፓሪስ ውጪ ሴናር ጫካ ውስጥ ወዳለው ቤታቸው ይዟት ሄደ። ያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ሰው ለዓመታት አስታማሚ ሆነ። ስለዚህ ክፍል የተጻፈው ጥቂት ነው። ስትሮክ የመታውን ሰው ቤት ወስዶ ማስታመም ምን ማለት እንደሆነ በየሳምንቱ ከተመላላሽ ክፍሌ ደጃፍ ላይ አያለሁ፤ ባሉን ከማብረር ያነሰ ልብ አይጠይቅም።

በ1897፣ በሰባ ሰባት ዓመቱ፣ ዕዳው አስቸግሮት ማርሴይ ከተማ ሄዶ እንደገና ፎቶ ቤት ከፈተ። በ1900 ፎቶ አንሺ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ኤርነስቲን በ1909 መጀመሪያ ላይ አረፈች። በዚያው ዓመት ጁላይ ውስጥ ብሌሪዮ ከአየር በሚከብድ ማሽን በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር ተሻገረ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ናዳር የምስጋና ቴሌግራም ላከለት። እሱም በማርች 1910፣ ዘጠና ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ከፎቶዎቹ ሁሉ ደጋግሜ የማየው አንዱን ነው። በ1890 አካባቢ የተነሳ ነው፤ አንዳንዶች የአባትየው ነው ሲሉ ሌሎች የፖል ነው ይላሉ። ጸጉሯ ፍጹም ነጭ የሆነች ሴት ጥቁር ልብስ ተደርባ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ ወደ አንሺው ቀጥ ብለው ያያሉ፤ የምታውቀው ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። በእጇ ትንሽ እቅፍ አበባ ይዛ ወደ ከንፈሯ አስጠግታዋለች። ኤርነስቲን ናት። ለተማሪዎቼ ስላይድ ውስጥ ላስገባት አስቤ ነበርና ተውኩት። እንደ ሙያዬ ልማድ ግን መጀመሪያ ሳያት የፈለግኩት የአፏን ጥግ ነበር፤ የወደቀው የትኛው ጎን እንደሆነ ለማየት። አበባው ሸፍኖታል። በማጉያም አይቼዋለሁ፤ አይለይም።